የጣና ደሴቶች፦ እሳት የሠራቸው፣ ውሃ የሚቆጥራቸው

የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሃዋይን ነው። ወላጆቻችንና አያቶቻችን በኖሩበት አገርም ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠሩ ደሴቶች አሉ። የሚገኙት ግን በባሕር ላይ ሳይሆን በጣና ሐይቅ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ አፈጣጠራቸውንና ጠባያቸውን እንመለከታለን።

አፈጣጠር፦ ጣና የተኛው መሬት ሰምጦ በተፈጠረ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ነው። በደቡብ በኩል፣ ዛሬ ባሕር ዳር ባለችበት አካባቢ፣ ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ዐለት ፈስሶ ሲቀዘቅዝ የውሃውን መውጫ ገደበው። ጎላን ላይ የምናየው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ የዚሁ ዓይነት ነው። ትልቁ ደሴት ደቅና ጎረቤቱ ዳጋም ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠሩ ናቸው። ሃዋይ በተርታ የተሰለፈ የደሴቶች ሰንሰለት ሲሆን የጣና ደሴቶች ግን እዚህም እዚያም ተበታትነዋል።

መጠን፦ ኪነሬት 166 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጣና ከ3,000 ይበልጣል። በጥልቀት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኪነሬት ከ40 ሜትር በላይ ሲጠልቅ ጣና 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኪነሬት ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ጣና ከቤር ሼቫ ይልቅ ለምድር ወገብ ቢቀርብም አየሩ ወይና ደጋ ነው።

ጠባይ፦ በክረምት መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ ሞልተው ሲገቡ ሐይቁ ከፍ ይላል፣ በደምቢያና በፎገራ ሜዳም ላይ ይተኛል። በበጋ ተመልሶ ይሸሻል። የደሴቶቹ ቁጥር ከጸሐፊ ጸሐፊ የሚለያየው አንድም በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 37 ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ጄምስ ብሩስ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ገምቶ ነበር። ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ያኔ ዛሬ ደሴት የምንላቸው ኮረብቶች ነበሩ።

ሰውም በደሴቶቹ ላይ ታሪኩን አኑሯል። በዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ፋሲል አፅም ይገኛል። በደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። መሻገሪያው ከደንገል የሚሠራ ታንኳ ነው። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ደግሞ ቤተ እስራኤል ለዘመናት ኖረዋል።

ይህ ለእኛ፣ ማኅበራዊ ሥራ ለምንማር፣ ምን ይጠቅመናል? ቅጽ ላይ ለትውልድ ቦታ የምትሰጠው አንዲት መስመር ናት፤ «ጎንደር» ተብሎ ይታለፋል። ሽማግሌዎቻችን ግን አገራቸውን የሚያውቁት በወንዝ፣ በማዕበልና በመከር ነው። ካርታውን የማያውቅ ሰው ንግግራቸውን «ተምታታባቸው» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ደግሞም በ1984 እና 85 ወይም በ1991 ወደዚህ የመጡት የሚያስታውሱት ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የወረረውን ጣና ሳይሆን የቀድሞውን ነው። የእነሱ ትዝታ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ካልጠየቅናቸው ግን አብሯቸው ያልፋል።

በመጪው ሰንበት ቤት ስንሄድ እነዚህን እንጠይቅ፦
1. የትኛውን ወንዝ ትሻገሩ ነበር? በየትኛው ወር ነው የሚሞላው?
2. ውሃው እስከ የት ይደርስ ነበር?
3. ሐይቁን ያየ ሰው በቤተሰቡ አለ? ምን ብሎ አወራ?

መልሱን በራሳቸው ቃል እንጻፈው።