አሥሩ የኸምር እጆችና የታሰረው ቤት

ዘወትር ከዐስር ሶላት በኋላ በማልፍበት መንገድ ላይ አንዲት ግሮሰሪ አለች። በታፔላዋ ላይ የባለቤቱ ስም በጥግ በኩል በትንሹ ተጽፏል፤ የቀረውን ቦታ የአንድ ቢራ ስም ይዞታል። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ደጁ ላይ የተዘረጋው ጥላ፣ ማቀዝቀዣው ሳይቀር የዚያው ቢራ ቀለም ነው። የሰፈሩ ልጆች ከመድረሳ ሲመለሱ በዚሁ ጥላ ሥር ያልፋሉ። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዕቃ የገዛው ማን ነው? ባለግሮሰሪው ነው ወይስ ጠማቂው?

«ኸምር ሐራም መሆኑን እናውቃለን፤ የወንበሩ ነገር ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ይሁን እንጂ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኸምር ምክንያት የተረገሙ አሥር ወገኖችን ቆጥረዋል። ጨማቂው፣ የሚጨመቅለት፣ ጠጪው፣ ተሸካሚው፣ የሚወሰድለት፣ ቀጂው፣ ሻጩ፣ ዋጋውን የሚበላው፣ ገዢውና የሚገዛለት ናቸው። ልብ በሉ፤ ከአሥሩ ውስጥ ጠጪ ተብሎ የተጠራው አንድ ብቻ ነው። ሐዲሱ ብርጭቆውን የጨበጠውን እጅ ብቻ ሳይሆን ብርጭቆው ወደዚያ እጅ እስኪደርስ ያለፈባቸውን እጆች ሁሉ ያሳየናል።

የሚያስገርመው፣ ሸሪዓን የማያውቁ ሕግ አውጪዎችም ከብዙ መከራ በኋላ ወደዚሁ ሰንሰለት ለመመልከት መገደዳቸው ነው። የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ከተሞች የነበሩት መጠጥ ቤቶች አብዛኛዎቹ ለስሙ ባለቤት ነበራቸው እንጂ በጠማቂው እጅ ነበሩ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ራሱ መንግሥት ነው። መጠጥ ቤቶችን ለመቀነስ ተብሎ የፈቃድ ክፍያ ከፍ ተደረገ። ለምሳሌ የነብራስካ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1881 ባወጣው ሕግ በትልልቅ ከተሞች የአንድ ዓመት ፈቃድ 1,000 ዶላር ገባ። ድሃው ባለ መጠጥ ቤት ይህን ገንዘብ ከየት ያምጣ? ጠማቂው ከፈለለት። ኪራዩንም ከፈለለት፤ ባንኮኒውን፣ መስታወቱንና ብርጭቆውንም አስገባለት። በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ከእኔ በስተቀር የሌላ እንዳትሸጥ። ይህንንም «የታሰረ ቤት» ብለው ጠሩት። በቺካጎ ሽሊትዝ የተባለው ጠማቂ ያሠራቸው እንዲህ ያሉ ቤቶች የኩባንያው ምልክት የሆነውን የሉል ቅርጽ በግንባራቸው እንደያዙ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል።

ዕዳ ያለበት ሻጭ ደግሞ አይመርጥም። ላልደረሰ ልጅም፣ ለሰከረም፣ በተከለከለ ሰዓትም ይሸጣል። ጥም የሚጨምር ጨዋማ ምሳ በነጻ ያቀርባል። ከጎኑ የሌላ ጠማቂ የታሰረ ቤት ስላለ እሱ ቢተው ያኛው ይወስድበታል። እንግዲህ ክፋቱ የባለ መጠጥ ቤቱ ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ አንገቱ ላይ ያለው ገመድ ነበር።

ሕዝቡ ተማረረና እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ መጠጥ በመላ አገሪቱ ተከለከለ። ክልከላው በ1933 ተነሣ። ይህን እየጠቀሱ «መከልከል እንደማይሠራ አሜሪካ አሳየች» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለነዚህ ሰዎች የምለው አለኝ። በመዲና ክልከላው ሲመጣ ሰሐባዎች ማሰሮአቸውን በመንገድ ላይ ያፈሰሱት ፖሊስ ስላሳደዳቸው አልነበረም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደገለጹት፣ ከመጀመሪያው «አትጠጡ» የሚል ትእዛዝ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሰዎች እምቢ ባሉ ነበር፤ አስቀድሞ የወረደው ልብን የሚያሰናዳው ነው። አሜሪካ ያጣችው ይህንን ነው እንጂ ኸምር ጎጂ መሆኑን የሚያስተባብል ማስረጃ አላገኘችም።

ክልከላውን ያነሡትም ቢሆኑ ወደ ድሮው አልተመለሱም። በ1933 ታናሹ ጆን ሮክፌለር፣ ራሱ መጠጥ የማይቀምስ ባለጸጋ፣ ሬይመንድ ፎስዲክና አልበርት ስኮት የተባሉ ሁለት ሰዎች እንዲያጠኑ አድርጎ ነበር። ጥናታቸውም የታሰረው ቤት ተመልሶ እንዳይመጣ አጥብቆ አስጠነቀቀ። በነሐሴ 1935 የወጣው የፌዴራል አልኮል አስተዳደር ሕግ ይህንን ስጋት በአንቀጽ አሰፈረው። አምራች ወይም ጅምላ ሻጭ በቸርቻሪው ፈቃድና ንብረት ላይ ድርሻ በመያዝ፣ ዕቃ፣ ምልክት፣ ገንዘብ ወይም አገልግሎት በመስጠት ወይም በማዋስ፣ ለማስታወቂያ ቦታ በመክፈል፣ ለብድሩ ዋስ በመሆን፣ ከተለመደው ጊዜ ያለፈ ዱቤ በመስጠት ቸርቻሪውን የራሱን ምርት እንዲገዛና የሌላውን እንዲያስወጣ ማድረግ አይችልም። ብዙ ክፍለ ግዛቶችም አምራቹን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን ሦስት የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ አደረጉ። የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች በርካታ ናቸው፤ መሠረቱ ግን ዛሬም አለ።

በማስታወቂያው በኩል ግን የአሜሪካ መንግሥት እጁ አጠረ። ሮድ አይላንድ የመጠጥ ዋጋ በማስታወቂያ እንዳይነገር የከለከለችበትን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 የመናገር ነጻነትን ይጻረራል ብሎ ሻረው። በዚያው ዓመት የጠንካራ መጠጥ ኩባንያዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በፈቃዳቸው የራቁትን ሬዲዮና ቴሌቪዥን መልሰው ያዙ። ፈረንሳይ ከወይን ጠጅ አገሮች አንዷ ሆና ሳለች በጥር 1991 ባወጣችው ሕግ የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከስፖርት አስወጣች። በ1998 የዓለም ዋንጫ ሜዳ ዙሪያም የቢራ ስም አልታየም።

እንግሊዝ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከ2,000 በላይ መጠጥ ቤት ያላቸው ጠማቂዎች ከዚያ ከሚበልጠው ግማሹን ከእስር እንዲፈቱ ታዘዙ። ቤቶቹን ግን ጠማቂ ያልሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎች ገዙና ባለ መጠጥ ቤቶቹን በራሳቸው ውል መልሰው አሰሩ። ደንቡም በ2003 ተሻረ። ገመዱ በአንድ በኩል ሲቆረጥ በሌላ በኩል ተቋጠረ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ትልልቆቹ የመንግሥት ቢራ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ለውጭ ኩባንያዎች ተሸጠዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሐረርና በደሌ በ2011፣ ሜታ በ2012። ከዚያ በኋላ የቢራ ማስታወቂያ በየቤታችን ስክሪን ላይ እንዴት እንደበዛ እናስታውሳለን፤ በረመዷን የኢፍጣር ሰዓት እንኳ ልጆቻችን እያዩት እናፍር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉት መሸጥንም ከለከለ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ የሙስሊሙ ብቻ ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ከስክሪኑ የወረደው ስም በግሮሰሪዋ ጥላና ወንበር ላይ እንዳለ ነው። ቴሌቪዥኑን መዝጋት ይቻላል፤ መንገዱን ግን እንዴት ይዘጉታል? ስለ ወንበሩና ስለ ዱቤው ሕግ እንዲበጅ መጠየቅ እንደማንኛውም ዜጋ መብታችን ነው።

የግሮሰሪዋ ቤት አከራይ የመስጂዳችን ጀማዓ የሆኑ አዛውንት ናቸው። አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ ጉዳዩን አነሣሁባቸው። «ልጄ፣ እኔ ግድግዳ ነው ያከራየሁት» አሉኝ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ከዚህ የሚቀራረብ አቋም እንደነበራቸው፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን እንዳልተስማሙ፣ አብዛኞቹ ዑለማዎችም ለኸምር ሽያጭ መሆኑ እየታወቀ ማከራየትን በኃጢአት መተባበር አድርገው እንደሚያዩት አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ሐጂ፣ የዓመቱን ኪራይ በቅድሚያ የከፈለዎት ማን ነው?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ውሉን የፈረመው ልጁ ነው» አሉ፤ ጥቂት አሰቡና፣ «ቼኩ ግን የቢራ አከፋፋዩ ነበር።»