ዕፅ ይዞ ተገኘ ተብሎ ስለ መከሰስና ጠበቃ ስለ ማቆም

በአዲስ አበባ በመርካቶ ገበያ የሰው ዕቃ ተሸክሞ የሚያድር ሰው፥ በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሁልጊዜ አያውቅም። ሐሺሽ ወይም ሌላ የተከለከለ ዕፅ ቢገኝበት ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ሊከሰስ ይችላል፤ ቅጣቱም እስከ ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ዕፁ በእጁ መገኘቱ ብቻ ነገሩን አይጨርስም። ዕቃው የማን እንደ ሆነ፥ ማን እንዳሸከመው፥ እርሱም ያውቅ እንደ ሆነ ይመረመራል። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንደ ተጻፈው፥ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ዝም ማለት ይችላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቈጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት ይቀርባል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የመረጠውን ጠበቃ ያቆማል፤ ድኻ ቢሆንና ያለ ጠበቃ ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን፥ መንግሥት በራሱ ወጪ ያቆምለታል።

ጠበቃ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የጥብቅና ፈቃዱን ይመልከት፤ በፍርድ ቤት ደጅ «ነገሩን አስጨርሳለሁ» የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለምና። ገንዘብ የሌለው ግን ይህንኑ ሳያፍር ለዳኛው ያመልክት፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተከላካይ ጠበቆች አሉ።

ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች ወደ ከተማ የሚሄደውን ልጅ እንዲህ ብለው ይምከሩት፤ ያላየኸውን ጥቅል አትሸከም፤ ብትያዝም አትሽሽ፥ ጠበቃ ጠይቅ።