የካንሰር መርፌ የሚወጋ አባት፣ ልቡንስ ማን ያይለታል?

ብዙዎቻችን በኩፓት ሆሊም ለወላጆቻችንና ለአያቶቻችን እያስተረጎምን አድገናል። ነገሩ ፕሮስቴት ሲሆን ግን ምላስ ይተሳሰራል፤ ልጅም ያፍራል፣ አባትም ያፍራል። ሁሉም ቶሎ ጨርሶ መውጣት ስለሚፈልግ ስለ ልብ ሳይጠየቅ ይቀራል።

የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንዱ ሆርሞን፣ በቴስቶስትሮን ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳየው ሐኪም ቻርልስ ሃጊንስ በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ካንሰሩ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ የሕክምናው መሠረት ዛሬም ያንኑ ሆርሞን ዝቅ ማድረግ ነው። ዴካፔፕቲልና ዞላዴክስ የሚባሉት መርፌዎች ሥራቸው ይኸው ነው። ዕድሜ ያረዝማሉ፤ ስለዚህ ማንም ይህን አንብቦ አባቱን «መርፌውን ተው» እንዳይል።

ነገር ግን ቴስቶስትሮን ሌላም ሥራ ነበረው። እሱ ሲጠፋ በጥቂት ወራት ውስጥ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሆድ ላይ ስብ ይጨምራል፣ ኢንሱሊን እንደ ቀድሞው አይሠራም፣ ኮሌስትሮልም ከፍ ይላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2010 በእነዚህ መርፌዎች ላይ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስለ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። በእኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በአገር ቤት ብዙም የማይታወቀው ስኳር፣ ከዓመታት የእስራኤል ኑሮ በኋላ በማኅበረሰባችን መብዛቱን ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጽፈዋል። እንዲህ ያለው አባት መርፌውን ሲጀምር አደጋው በአደጋ ላይ ይደረባል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ እንዲሁም ኤሌክትሮካርዲዮግራም እንዲደረግ ጠይቁ፤ ሕክምናው ከተጀመረ የቆየ ቢሆንም አልረፈደም። ቀድሞ ልቡን የታመመ ወይም ስቴንት የገባለት ከሆነ፣ የካንሰሩ ሐኪም ይህን ማወቁን አረጋግጡ። በአንድ ፋይል ተጽፏል ማለት ሁሉም አንብቦታል ማለት አይደለም። የመርፌው ዓይነት ለውጥ ያመጣ እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል። በ2020 በወጣ ጥናት፣ ሬሉጎሊክስ የተባለውን ክኒን ከወሰዱት 2.9 በመቶ፣ ሉፕሮላይድ መርፌ ከተወጉት ደግሞ 6.2 በመቶ ከባድ የልብ ወይም የደም ሥር ችግር ገጥሟቸዋል። በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ግን የሬሉጎሊክስ ዘመድ የሆነውን ዴጋሬሊክስን ከሉፕሮላይድ ጋር አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ምርጫው የሐኪሙና የበሽተኛው ነው።

አቢራቴሮን የሚባለው ክኒን ሲጨመር ጥንቃቄው ይበዛል። ግፊት ያወጣል፣ ውሃ በሰውነት ያቁራል፣ ፖታሲየምንም ይቀንሳል። ግፊትና ፖታሲየም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። ክኒኑ በባዶ ሆድ ይዋጣል፤ አብሮት የሚታዘዘው ፕሬድኒዞን በድንገት አይቆምም። እግር ካበጠ ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደት ከጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ይደወላል።

ወደ ማዕድ ቤት ስንገባ ጨው የሚደበቅባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የወጡ ጨው ይታወቃል፤ የአቭካት ማራክና የፒትሱሂም ጨው ግን ማንም አይቆጥረውም። እናቶቻችንን «ጨው ቀንሺ» ብሎ ከማዘዝ በበርበሬው፣ በነጭ ሽንኩርቱና በዝንጅብሉ ላይ መተማመን ይሻላል። እንቅስቃሴውም ከምግቡ አያንስም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጥሩ ነው፤ ጡንቻውን የሚመልሰው ግን ክብደት ማንሳት ነው። ካንሰሩ አጥንት ላይ ካለ ፊዚዮቴራፒስት ሳያየው አይነሣ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ማቆሙ ከሁሉ ይቀድማል። አስፕሪንን ግን ማንም በገዛ እጁ አይጀምር። በዮም ኪፑር ወይም በስግድ ሊጾም የሚያስብም ስለ ክኒኖቹ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስለ ማስተርጎሙ ሐሳባችን ግልጽ ነው፤ ሴት ልጅ የአባቷን የወንድነት ነገር እንድታስተረጉም መደረግ የለበትም። ሙያተኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በስልክም ቢሆን። የእኛ ሥራ ሌላ ነው፦ የግፊቱን ቁጥር በደብተር መመዝገብ፣ የክኒኖቹን ዝርዝር መያዝ፣ ከቀጠሮው በፊት «አባባ፣ ደረትህን ያፍንሃል ወይ? ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ደረቱን ከጨመቀው፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ ወዲያው 101 ይደወል፤ «ተኝቼ ልየው» ቢልም አትስሙት።