የኩንሚንግ ሐሰተኛ የአፕል ሱቆች
አፕል በቻይና የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ፣ ሳንሊቱን ውስጥ ነው። በ2011 አጋማሽም ቢሆን በዋናዋ ቻይና የነበሩት ሱቆቹ 4 ብቻ ነበሩ፤ 2ቱ ቤጂንግ፣ 2ቱ ሻንጋይ። ፈላጊው ግን በየከተማው ነበር።

በዚያው ዓመት ኩንሚንግ ከተማ ውስጥ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ የእንጨት ጠረጴዛና ሰማያዊ ቲሸርት የለበሱ ሠራተኞች ያሉት፣ አፕል ግን የማያውቀው ሱቅ ተገኘ። የሚገርመው፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው የአፕል ተቀጣሪ የሆኑ ይመስላቸው ነበር! የከተማዋ ባለሥልጣናት ፍተሻቸውን ሲቀጥሉ እንዲህ ያሉ 22 ሱቆች አገኙ።

ነገሩ ከሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ጋር አንድ ነው፤ ቀለሙና አዝራሩ በቀላሉ ይቀዳል፣ ስለዚህ የምናጣራው በመልኩ ሳይሆን በአድራሻው ነው። ያኔ የአፕልን ድረ ገጽ ከፍቶ የሱቆቹን ዝርዝር ያየ ሰው ኩንሚንግ የሚል አያገኝም ነበር።