የቆየ ጠገራ ብር ለደረጃ ምርመራ መላክ ያዋጣልን?

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በሻሸመኔ ከወላጆቹ በውርስ ያገኘውን ጠገራ ብር በሣጥን ያኖረ ነጋዴ ይገኛል። ይህ ብር በባሕር ማዶ ባለሙያ ተመርምሮ ደረጃ ቢወጣለት ዋጋው እንደሚጨምር ይወራል። ወሬው ግን ስለ ሽያጩ እንጂ ስለ ወጪው ብዙ አይናገርም።

ሥራው እንዲህ ነው። መርማሪው ድርጅት የገንዘቡን እውነተኛነትና ያለቀበትን መጠን አይቶ፣ ከ1 እስከ 70 ከሚደርሱት ደረጃዎች አንዱን ሰጥቶ፣ በታሸገ የፕላስቲክ መያዣ ይመልሰዋል። በአሜሪካ የኳስ ተጫዋቾች ሥዕል ያለባቸው አሮጌ ካርዶችም በዚሁ ዓይነት ይመረመራሉ፤ በዚያም ቢሆን ተራው ካርድ የምርመራውን ክፍያ ሳይመልስ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የማሪያ ቴሬዛ ብር 1780 የሚል ዓመት ስላለበት ብቻ ብርቅ አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላ እንኳ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌላም ሥፍራ በብዙ ሚሊዮን ተሠርቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ስለሆነ፣ የተራው ዋጋ ከብሩ ዋጋ እምብዛም አይርቅም። በፓሪስ የተሠራው የአጼ ምኒልክ ብር ግን ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ፊቱ ያላለቀ ከተገኘ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል።

ለሒሳቡ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጠገራ ሳይመረመር 40 ዶላር፣ ተመርምሮ 60 ዶላር ይሸጣል እንበል። የምርመራው፣ የመላኪያው፣ የመድኑና የመመለሻው ወጪ ለአንዱ 55 ዶላር ቢሆን፣ ትርፍ የተባለው 20 ዶላር በ35 ዶላር ኪሣራ ይተካል። ሃያ ፍሬ የላከ ሰው 700 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ብሩ ስንት ያወጣል ሳይሆን፣ ደረጃው በዋጋው ላይ ስንት ይጨምራል ተብሎ ነው።

ቀለበት የተበየደበት፣ የተበሳ ወይም እንዲያበራ በአመድና በሎሚ የታሸ ብር ደግሞ ጉድለቱ ተጽፎበት ያለ ቁጥር ደረጃ ሊመለስ ይችላል፤ ክፍያው ግን አይቀርም። ብዙ ጠገራ በሴቶች አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ ስለኖረ ይህ በአገራችን የተለመደ ጉድለት ነው። እንዲህ ያለውን ለቤተሰብ መታሰቢያ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ጥቁረቱንም ማጠብ አያስፈልግም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕጉ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አሮጌ ገንዘብም በቅርስ ሊመደብ ስለሚችል፣ ላኪው በፖስታ ወይም በመንገደኛ እጅ ከመስጠቱ በፊት የብሩን ሁለት ፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ክብደቱንም መዝኖ ጽፎ፣ አዲስ አበባ ለሚገኘው የቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ በጽሑፍ መልስ ይቀበል።