የኩላሊት ጠጠር ሥቃይና ማስታገሻው

የኩላሊት ጠጠርን ያህል ሰውን በድንገት የሚያንከባልል ሕመም ጥቂት ነው። ከጎን ተነሥቶ እስከ ብሽሽት ይወጋል፤ ያስታውካል፤ በሽተኛው ቢቆምም ቢተኛም ዕረፍት አያገኝም። ታዲያ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ጠጠር ይህን ያህል ሥቃይ የምታመጣው ስለ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ጠጠሩ ሥጋን እየቧጠጠ የሚያሳምም ይመስለናል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጠጠሩ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበትን ቀጭን ቧንቧ ሲዘጋ፣ ሽንቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀምና ኩላሊትን ይወጥራል። በዚህ ጊዜ ኩላሊት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። እርሱም ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ያሰፋል፤ ደሙ ሲበዛ ሽንቱ ይበዛል፤ ሽንቱ ሲበዛ ውጥረቱ ይብሳል። ነገሩ በተደፈነ ቦይ ላይ ውሃ እንደ መልቀቅ ነው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፒሪንና መሰሎቹ ይህ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ የሚያግዱ መሆናቸውን ገለጠ፤ በ1982ም ከሁለት የስዊድን ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሐኪሞች ከዚሁ ወገን የሆኑትን ኬቶሮላክንና ዳይክሎፌናክን የሚሰጡት ስለዚህ ነው። የሚያስታውክ ሰው የዋጠው ክኒን በሆዱ አይረጋም፤ በደም ሥር የተሰጠው ግን በቶሎ ይደርሳል። ሞርፊን ሥቃዩን ከስሜት ያርቃል፤ እነዚህ ግን ውጥረቱን ከምንጩ ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው፣ በዶሃ ከተማ 1,645 በሽተኞች በተካፈሉበት ጥናት፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሥቃያቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው፣ ዳይክሎፌናክ በጡንቻ ከተወጉት ከመቶ 68፣ ሞርፊን በደም ሥር ከተሰጣቸው ከመቶ 61 ነበሩ።

ነገር ግን መድኃኒት ሁሉ ልክ አለው። ኩላሊቱ ለደከመ፣ የጨጓራ ቁስል ላለበት፣ አስፒሪን ለማይስማማው፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ጠጠሩንም አያሟሟውም፤ ትንሹ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፣ ትልቁ በሐኪም ይወጣል።

አንባቢ ሆይ! ከቤትህ ሰው በሌሊት በዚህ ሕመም ቢያዝ፣ ጠጠሩን ይገፋል ብለህ ብዙ ውሃ እንዲጠጣ አታስገድደው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበትማ የታገደው ሽንት ሳያመረቅዝ አልቀረምና፣ ንጋትን ሳትጠብቅ ሐኪም ቤት አድርሰው። ውሃ በብዛት የሚጠጣው ሕመሙ ካለፈ በኋላ፣ ሌላ ጠጠር እንዳይሠራ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።