በዝናም ወራት መብራት ሲጠፋ በሞያሌና በኦዳ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናም ወራት ነው። በሞያሌ ግን በነዚሁ ወራት ሰማዩ ይዳምናል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል እንጂ ዝናሙ እምብዛም ነው። በዚህ አገር የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ ቦረኖች ‹ገንና› በሚሉት ወራት፤ ኋላም በጥቅምትና በኅዳር፤ ‹ሐገያ› በሚባለው ጊዜ ነው።

በኬንያ በኩል ያለው የሞያሌ ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚያገኘው ኬንያ ፓወር ከኢትዮጵያ እየገዛ ነው። ይህም ኃይል በአብዛኛው ከወንዝ ግድብ የሚመነጭ ስለ ሆነ፤ መብራት የሚጠፋበት ምክንያት ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንደኛው በሩቅ አገር የዝናም ማነስ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ ስለ ቀነሰ፤ በኢትዮጵያ መብራት በፈረቃ እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የሚላከውም ተቋረጠ። ሁለተኛው በቅርብ የዝናም መብዛት ነው። ተከታታይ አምስት የዝናም ወራት ከከሸፉ በኋላ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐገያ ኤል ኒኞ ያመጣው ዝናም በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ጎርፍ አስከተለ። ፈረቃ ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገራል፤ ነፋስ የሚጥለው ምሰሶ ግን ቀጠሮ የለውም። መስመሩም ረጅም ስለ ሆነ፤ አንድ ስፍራ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ እስከ ናይሮቢ አቅራቢያ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው፤ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውና በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ታላቁ መስመር ከሞያሌ በስተ ምዕራብ ያልፋል። ይህ መስመር ከተማውን ስለ ምን አያበራም ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ መስመሩ የሚሠራው አቅጣጫውን በማይለውጥ ኮረንቲ (ዲሲ በሚባለው) ስለ ሆነ፤ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መለወጫ ጣቢያ ካልተሠራ በቀር በመንገዱ ላይ ለትንሽ ከተማ ሊቀነስለት አይችልም።

መብራት በጠፋ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ሞያሌም ከጨለመ ብልሽቱ ከወደ ሰሜን ሊሆን ይችላል፤ ማዶው እየበራ ወዲህ ብቻ ከጠፋ ግን ብልሽቱን በዚሁ በኩል መፈለግ ይገባል። ይህን ለይቶ የሚያመለክት የቀበሌ ሹም የጥገና ሠራተኛውን ብዙ ድካም ያድነዋል።

ከሁሉ የሚከፋው በረጠበ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ነው። መብራት ጠፍቷልና ሽቦው ሞቷል ማለት አይቻልም። ኮረንቲው በምድር ውስጥ በዙሪያው ይሠራጫል፤ ኃይሉም ከሽቦው በራቁ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ እግሮች ተራርቀው ሲቆሙ፤ በመካከላቸው ያለው የኃይል ልዩነት በሰውነት ውስጥ ያልፋል። ከብት በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከሰው እርምጃ ይበልጣል፤ ኮረንቲውም በልቡ በኩል ያልፋል፤ እረኛው ሳይነካው ከብቱ የሚሞትበት ምክንያት ይህ ነው። እረኛው ከብቶቹን ከሩቅ ሊመልስ ይገባዋል፤ የወደቀውን ለማንሣት መቅረብ አይገባውም። ሳያውቅ የቀረበ ሰው ሁለት እግሩን አጋጥሞ፤ ከመሬት ሳያነሣ፤ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ ይራቅ።

ጄኔሬተር ያለው ነጋዴ ከማስነሣቱ በፊት ዋናውን ማጥፊያ ይዝጋ። ይህ ካልሆነ የሱ ኮረንቲ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ ከፍ ይልና ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። ጄኔሬተሩም ሆነ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት አይቀመጥም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጢስ ሽታ የለውምና የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ለኩራዝ ላምባ እንጂ ቤንዚን የተቀላቀለበት ነገር አይጨመርም።

በጤና ጣቢያ ያለ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሊጠበቅ የሚገባው ስለ ሆነ፤ መብራት እንደ ጠፋ ሰዓቱ ይጻፍ፤ የማቀዝቀዣው በርም አይከፈት። ውኃ በኤሌክትሪክ የሚሳብበት ሰፈር ደግሞ ዳመናው ሲከብድ ታንኩን አስቀድሞ ይሙላ። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላልና፤ አንድ አምፑል ብቻ በርቶ እስኪረጋ ድረስ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅለው ይቆዩ።